ርካሽ የሳይክል ጂፒኤስ እንዴት ይመረጣል? ከመክፈላችሁ በፊት ሀዋሳ ላይ የምትፈትኑበት ዝርዝር መመሪያ

ሱቅ ገብታችሁ «ጂፒኤስ አለ?» ብትሉ መጀመሪያ የሚወጣላችሁ የመኪና መከታተያ ነው። ሲም ካርድ ይገባበታል፤ መኪናው የት እንዳለ ለባለቤቱ ስልክ ይልካል። ለመኪና ጥሩ ነው፤ ለእኛ ግን አይሆንም። እኛ የምንፈልገው ሳይክል ስንነዳ የሄድንበትን መንገድ ነጥብ በነጥብ የሚመዘግብ፣ ስንጨርስ ደግሞ ፋይሉን የሚሰጠን ዕቃ ነው። ሎገር ይሉታል። ሻጩ ስሙን ላያውቀው ስለሚችል «የሳይክል ጂፒኤስ፣ መንገድ የሚመዘግበው» በሉት።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ሰው ሎገር ሲገዛ ስክሪኑን ያያል፣ ስንት ነገር እንደሚያሳይ ይቆጥራል። እኔ የማየው ፋይሉን ነው። ፋይሉ በቀላሉ ወደ ስልኬ ወይ ወደ ኮምፒውተሬ ይወጣል? ወጥቶስ ካርታ ላይ ሳስቀምጠው እውነት የሄድኩበት መንገድ ላይ ያርፋል? ሁለቱን ካሟላ ርካሽ መሆኑ አያሳስበኝም። አንዱ ከጎደለ በነጻ ቢሰጡኝም ብዙ አልደሰትም።

መጀመሪያ፦ ምን ልትሰሩበት ነው?

ይሄን ሳይወስኑ ገበያ መውጣት ትርፉ ኪስ ማራገፍ ነው። አመሻሽ ላይ ከፒያሳ ተነስታችሁ ሐይቁ ዳር ዞር ዞር ብላችሁ የምትመለሱ ከሆነ፣ ማወቅ የምትፈልጉትም ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳችሁ ብቻ ከሆነ፣ ምንም አትግዙ። ስልካችሁ ይበቃል።

ቅዳሜና እሁድ ወጣ የምትሉ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዶ ገነትን ጨምራችሁ ደርሶ መልስ ካላችሁ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ወደ ደቡብ፣ በይርጋለም በኩል ብትሉም ያው ነው። እዚህ ላይ የባትሪ ጉዳይ ይመጣል፤ ምክንያቱም መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ወይ ካቴና ቢበጠስ ደውላችሁ ሰው የምትጠሩበት ስልክ፣ ሲመዘግብ የዋለው ያው ስልክ ነው። እንዲህ ለሚነዳ ሰው ራሱን የቻለ ትንሽ ዕቃ ቢኖረው ጥሩ ነው።

ካርታ መሳል የሚወዱም አሉ። ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ፣ የሰፈራቸውን የውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚጨምሩ ሰዎች ስክሪን አያስፈልጋቸውም፤ በየሰከንዱ የተያዘ ንጹህ ነጥብ ነው የሚፈልጉት። ለውድድር የሚለማመድ ሰው ደግሞ የልብ ምት መለኪያና የፔዳል ዙር ቆጣሪ ማገናኘቱ ስለማይቀር፣ ዕቃው ብሉቱዝ ወይም አንት ፕላስ (ANT+፣ እንደ ብሉቱዝ ያለ ገመድ የሚያገናኝ) እንደሚቀበል ሳያረጋግጥ እንዳይከፍል።

ሁለተኛ፦ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ስልክ ፈትኑት

«ጂፒኤስ ዳታ ይበላል» የሚለው ወሬ ስህተት ነው። ጂፒኤስ የሚሰራው ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች የሚልኩትን ሲግናል በመቀበል ብቻ ነው። ስልኩ ወደ ሳተላይት ምንም አይልክም። ዳታ የሚበላው ካርታው ሲጫንና ጉዞው ሲለጠፍ ነው። ሲም የሌለው ስልክ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያለም ቢሆን፣ መንገድ ይመዘግባል።

ዳታ መኖር አለመኖሩ የሚለየው አነሳሱ ላይ ነው። ዳታ ሲኖር ስልኩ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ከኢንተርኔት ቶሎ ያወርዳል። ዳታ ሲጠፋ መረጃውን ከራሱ ከሳተላይቱ መስማት አለበት። አንድ ሳተላይት የራሱን ቦታ ለመንገር 30 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ቦታውን ከፍታ ጨምሮ ለማወቅ ደግሞ ቢያንስ አራት ሳተላይት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ «ጀምር» ብላችሁ ወዲያው አትንዱ። ደጅ ውጡ፣ ሰማይ ይታያችሁ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ታገሱ። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ተወላግዶ የሚመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጥድፊያ ነው።

አፕ ብዙ አለ። ስትራቫ በነጻም ይመዘግባል። ኢንተርኔት ውስጥ መግባት የማይፈልግ፣ ሁሉንም እዚያው ስልኩ ላይ የሚያስቀምጥ ከፈለጋችሁ ኦፕን ትራክስ አለ፤ ለአንድሮይድ ነው፣ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ካርታውን አውርዳችሁ ያለ ዳታ መንገድ ማየት ካማራችሁ ኦስም አንድ (OsmAnd) የሚባለውን ሞክሩ።

አሁን ዋናው ጣጣ። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ስክሪኑ ሲጠፋ አፑን ያስተኙታል። ምልክቱን ሀዋሳ ላይ በቀላሉ ታውቁታላችሁ፤ ካርታውን ስትከፍቱ ሐይቁን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር ታያላችሁ። ጂፒኤሱ አልተሳሳተም። አፑ ተኝቶ ቆይቶ ሲነቃ ከመተኛቱ በፊት የያዘውን ነጥብ ካዲሱ ነጥብ ጋር ዝም ብሎ አገናኘው። መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ ነው፦ የአፑን የባትሪ አጠቃቀም «ያለ ገደብ» አድርጉት፣ ሎኬሽን ፈቃዱን አረጋግጡ፣ የስልኩን ባትሪ ቆጣቢ አጥፉ። ከዚያ ስክሪኑን አጥፍታችሁ ንዱ። ባትሪ የሚጨርሰው ከጂፒኤሱ ይልቅ ስክሪኑ ነው።

እቤት መሳቢያ ውስጥ የተጣለ የድሮ ስማርት ስልክ ካለ ደግሞ፣ ሲሙን አውጡና ለሳይክል ብቻ መድቡት። ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ግድ የለም። ባትሪው ከደከመ ፓወር ባንክ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ከዚህ የረከሰ ሎገር የትም አታገኙም፣ ፋይሉም እንደፈለጋችሁ ይወጣል። ለብዙ ሰው ምርጫው እዚህ ላይ ቢያበቃ አይገርመኝም።

ሦስተኛ፦ መግዛት ካለባችሁ የቱን?

አዲስ ከሆነ፣ ትንሿን የሳይክል ኮምፒውተር ነው የምመክረው። መሪው ላይ ትታሰራለች፣ ፍጥነትና ርቀት ታሳያለች፣ ውስጥ ውስጡን መንገዱን ትመዘግባለች። ለማነጻጸሪያ ያህል ጋርሚን ኤጅ 130 ፕላስ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ዋጋው 200 ዶላር ነበር። እንደ ኤክሶስ እና አይጂፒስፖርት ያሉት የቻይና መነሻ ሞዴሎች የዚያን ሩብ ገደማ ያወጣሉ፤ ብራይተን መሃል ላይ ነው። የብር ዋጋውን አልጽፍም፤ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይቀየራል። ካርታ የሚያሳየው ሞዴል ዋጋው ዘለል ይላል። መንገዱን ለምታውቁት ከተማ ካርታ ምን ያደርግላችኋል? ከከተማ ወጣ ስትሉ ስልካችሁ አለ።

ሁለተኛው ዓይነት ያገለገለ የድሮ ሎገር ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ይዞት ይመጣና ሳይጠቀምበት ይሸጠዋል። ሆሉክስ ኤም 241 በአንድ ተራ የባትሪ ድንጋይ ይሰራል፤ ይሄ ለገጠር መንገድ ትልቅ ነገር ነው። ኪውስታርዝ ቢቲ ኪው 1000 ደግሞ የኖኪያ ቢኤል 5ሲ ባትሪ ይገባበታል። አዎ፣ ያቺው የእጅ ባትሪ መብራት ያለው የኖኪያ ስልክ ባትሪ፣ የትኛውም ስልክ ጠጋኝ ጋ የማትጠፋው። አይጎት ዩ ጂቲ 120 ትንሽና ቆንጆ ነው፤ ግን ገመዱ የራሱ ብቻ ነው፤ ገመዱ ከጠፋ ዕቃውም ጠፋ በሉት። ያለ ገመዱ የሚሸጥላችሁ ካለ ሳቁና እለፉ።

እነዚህን የድሮዎቹን ስትገዙ አንድ ነገር እዩ፦ ቀኑን። ጂፒኤስ ሳምንታትን የሚቆጥረው እስከ 1,024 ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ይሄ 19 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ነው። የመጨረሻው ዙር የተዘጋው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ላይ ነበር። ለዚህ ያልተዘጋጁ ሎገሮች የዛሬውን ጉዞ ወደ 20 ዓመት ወደኋላ ወስደው ይመዘግቡታል። መንገዱ ትክክል ነው፣ ሰዓቱም ትክክል ነው፣ ቀኑ ብቻ ጠፍቷል። ጂፒኤስ ቤብል በሚባል ነጻ ፕሮግራም 7,168 ቀን መጨመር ይቻላል፤ ግን ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ይሄን መስራት የሚታክታችሁ ከሆነ አትግዙ። ወይም ዋጋውን በዚህ አስቀንሱ። ሻጩ መቼም አያውቀውም።

የእጅ ሰዓትና ባንድ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ካርቶኑ ላይ «ጂፒኤስ» የሚል ተጽፎ ውስጡ የሌለባቸው ብዙ ናቸው። የስልካችሁን ጂፒኤስ ተበድረው ነው የሚሰሩት። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የስልኩን ብሉቱዝ አጥፉና ሰዓቱ ብቻውን መንገድ ሊመዘግብ ይችል እንደሆነ እዩ። ጎማው ላይ ማግኔት የሚታሰርበት የፍጥነት ቆጣሪም አለ፤ የጎማውን ዙሪያ በትክክል ካስገባችሁለት ርቀቱን አሳምሮ ይቆጥራል፤ መንገዱን ግን አያውቅም።

አራተኛ፦ ሻጩን ምን ትጠይቁታላችሁ?

ፋይሉን ጠይቁ። በምን ዓይነት ያስቀምጣል? ጂፒኤክስ (GPX)፣ ፊት (FIT) ወይም ቲሲኤክስ (TCX) የሚባል የፋይል ዓይነት ካለ ደህና ነው፤ ሦስቱንም ስትራቫም ሌሎችም ይቀበሏቸዋል። ጂፒኤክስ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ እንኳ ይከፈታል። ፊት ደግሞ ጠቅለል ያለና ትንሽ ቦታ የሚይዝ ነው። «በኩባንያው አፕ ብቻ ነው የሚታየው» ከተባላችሁ ግን ቆም በሉ። ኩባንያው ነገ ሰርቨሩን ቢዘጋ የእናንተ ጉዞ አብሮ ይዘጋል። የምወደው፣ በገመድ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ እንደ ፍላሽ ተከፍቶ ፋይሉ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝን ነው። እዚያው ሱቅ ውስጥ ላፕቶፕ ካለ ሰክታችሁ እዩ፤ ነውር የለውም።

በስንት ሰከንድ ይመዘግባል? በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በአንድ ሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ትሄዳላችሁ። በየ10 ሰከንዱ የሚመዘግብ ዕቃ በሁለት ነጥብ መሃል 55 ሜትር ያመልጠዋል። የገብርኤልን አደባባይ ዞራችሁ ስታበቁ፣ ካርታው ላይ አደባባዩን በመሃል ሰንጥቃችሁ ያለፋችሁ ያስመስላል። ርቀቱም በየመታጠፊያው ይሸራረፋል። በየሰከንዱ የሚለውን ምረጡ። ሜሞሪ ይሞላል ብላችሁ አትስጉ፤ አንድ ሰዓት 3,600 ነጥብ ነው፣ በጂፒኤክስ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ «ሜሞሪው ትልቅ ነው» ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁን አትስሙት።

ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ፣ የቻይናውን ቤይዶ የሚቀበል ከሆነ ዛፍ ሥር ይረዳል። በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚሰራው የበለጠ ነው፤ ግን ጥቅሙ የሚጎላው ሲግናል በፎቅ ግድግዳ እየነጠረ በሚመጣበት ከተማ ነው። ሀዋሳ ሰማይዋ ክፍት ነው። ለዚህ ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ።

ውሃስ? ክረምት ላይ የሀዋሳ ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም። አይፒኤክስ 7 የሚል ካለበት አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቋቋማል ማለት ነው፤ ለዝናብ ከበቂ በላይ ነው። የቻርጅ ቀዳዳዋን የምትዘጋው ላስቲክ ግን መኖሯንና በደንብ መግጠሟን በጣታችሁ ሞክሩ። ባትሪው ቢያንስ ከ15 ሰዓት በላይ ይቆይ፤ መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስትም መውጣት እንድትችሉ።

አምስተኛ፦ ፈተናው

የምትችሉ ከሆነ «ካልሰራልኝ እመልሰዋለሁ» ብላችሁ ተስማምታችሁ ውሰዱት። አዲስ ዕቃ ከቻይና መጥቶ መጀመሪያ ሲከፈት ያለበትን አያውቅም፤ የሁሉንም ሳተላይቶች ዝርዝር ከሰማይ ለመሰብሰብ 12 ደቂቃ ተኩል ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሜዳ ላይ አስቀምጡትና አንድ ሩብ ሰዓት ተዉት። ከሩብ ሰዓት በኋላም ሳተላይት ካላገኘ መልሱት።

ከዚያ የቁጭ ማለት ፈተና። አሞራ ገደል ሂዱ፣ ዓሣ እዘዙ፣ ሎገሩን እንደበራ ሰማይ የሚያይበት ጠረጴዛ ላይ አኑሩት። ጂፒኤስ ቆሞ እንኳ ነጥቡ ይንቀዋለላል፤ ይሄ የሁሉም ጠባይ ነው። ጥያቄው ስንት ነው። ዓሣችሁ እስኪያልቅ ጥቂት አሥር ሜትሮች ቢቆጥር ችግር የለም። ብቻውን ግማሽ ኪሎ ሜትር ከነዳ ግን እናንተ ስትነዱም የሚሰጣችሁ ቁጥር የተጋነነ ነው። ሳይክሉ ሲቆም ምዝገባውን ራሱ የሚያቆም ሴቲንግ ካለው አብሩና ደግማችሁ እዩ፤ ያው ለውጥ ከሌለ ችግሩ ከዕቃው ነው።

ሦስተኛው ፈተና የምወደው ነው። ከመሃል ከተማ እስከ ጥቁር ውሃ በትልቁ አስፋልት ሂዱና በዚያው ተመለሱ። ስትሄዱ በአንድ ጠርዝ፣ ስትመለሱ በሌላኛው ጠርዝ ነው የምትነዱት። ካርታው ላይ ሁለት መስመር ጎን ለጎን መታየት አለበት። ክፍት ሰማይ ሥር የአንድ ተራ ስማርት ስልክ ስህተት አምስት ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ መስመሮቹ አልፎ አልፎ ቢነካኩ አትደንግጡ። ግን መስመሩ 30 ሜትር ገብቶ ሱቆች ውስጥ ካለፈ፣ ያውም ሰማዩ ክፍት በሆነ መንገድ ላይ፣ ያንን ዕቃ አትያዙት። ስልካችሁንም አብራችሁ አስመዝግቡ፤ የሁለቱ ርቀት በመቶ አንድ ሁለት ቢለያይ ጤነኛ ነው።

መጨረሻ ላይ ሐይቁ ዳር ባሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር ንዱ፤ ዝናብ ካባራ በኋላ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ፣ እርጥብ ቅጠል ሲግናል ያዳክማል። እዚህ ሁሉም ትንሽ ይወላገዳል። የምታዩት ከዛፉ ሲወጣ ቶሎ መስመሩ ላይ መመለሱን ነው።

ስድስተኛ፦ ፋይሉን ስትከፍቱ

ሰዓቱ ያደናግራችኋል። ጂፒኤክስ ሁሌም የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የእኛ ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የጀመራችሁት ጉዞ ፋይሉ ውስጥ 03:00 ተብሎ ይገኛል፤ የሰዓት ቀጠናውን በትክክል የሞላችሁለት አፕ ደግሞ 6:00 ይለዋል። ሁሉም ልክ ናቸው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኔ ለፋይሉ ስም ስሰጥ መንገዱንና የኢትዮጵያን ቀን እጽፍበታለሁ፤ በኋላ ፍለጋው ይቀላል።

ከፍታው ላይ ያለው ውሸት ግን የከፋ ነው። ጂፒኤስ ከጎን ስህተቱ ይልቅ የከፍታ ስህተቱ ይበዛል። ሀዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሜዳ ከተማ ናት፤ ርካሽ ሎገር ግን ሜዳውን ነድታችሁ ስትመለሱ ብዙ ዳገት እንደወጣችሁ ይነግራችኋል። ነጥቡ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚዘል፣ ወደ ላይ የዘለለውን ሁሉ እየደመረ ነው። ባሮሜትር ያለው ዕቃ ከፍታን በአየር ግፊት ስለሚለካ በዚህ ይሻላል፤ በእኛ ከፍታ ግፊቱ በአንድ ሄክቶ ፓስካል ሲቀንስ 10 ሜትር ያህል ወጥታችኋል ማለት ነው። እሱም ዝናብ ሊመጣ ሲል ግፊቱ ስለሚለዋወጥ ይሸወዳል። ታቦር ተራራ ሥር አስጀምራችሁ፣ ወጥታችሁ ወርዳችሁ፣ የተነሳችሁበት ላይ ስትደርሱ የሚያሳየውን ከመነሻው ጋር አስተያዩ። ባሮሜትር ለሌለው ደግሞ ስትራቫ ላይ ከፍታን የማረሚያ ቁልፍ አለ፤ የጂፒኤሱን ከፍታ ትቶ በመሬት ከፍታ መረጃ ይተካዋል። ለሜዳ ነጂ ያ በቂ ነው፤ ለባሮሜትር ብላችሁ በጀታችሁን አትለጥጡ።

ሲታሰር

ርካሾቹ ኮምፒውተሮች የሚታሰሩት በላስቲክ ቀለበት ነው። አስፋልት ላይ ምንም አይሆንም፣ ኮብልስቶን ላይ ግን ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ቀን ተፈናጥሮ ባጃጅ ይረግጠዋል። ቀጭን ሲባጎ በቀዳዳው አሳልፋችሁ መሪው ላይ ጠምጥሙት። ፀሐይ ላይ ቆሞ እንዳይውል፤ ሳይክሉን ስታቆሙ ነቅላችሁ ኪስ ክተቱት፤ ለሙቀቱም ለሌባውም።

ጉዞውን ኢንተርኔት ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ደግሞ አንድ ሴቲንግ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2017 ላይ ስትራቫ ያወጣው የዓለም የእንቅስቃሴ ካርታ የወታደር ካምፖችን ሳይቀር አጋልጦ ነበር፤ ወታደሮቹ ሲሮጡ ያስመዘገቡት መስመር ነው ያጋለጠው። የእናንተም መስመር በየቀኑ ከአንድ በር ተነስቶ አንድ በር ላይ ያልቃል። ያ በር ጥሩ ሳይክል የሚያድርበት ነው። ፕራይቬሲ ውስጥ የመነሻና የመድረሻን ዙሪያ መደበቂያ አለ፤ አብሩት። ሎገሩ እንዲህ ያለ ነገር ከሌለው ምዝገባውን ከሰፈር ወጥታችሁ አስፋልት ስትደርሱ ጀምሩ፣ ስትመለሱም እዚያው አጥፉት።